የቡና ጆንያ ለሰንጢ እጀታ፦ አራተኛው ሉህ ለምን አልተላላጠም?

ለሰንጢ እጀታ እንዲሆን የቡና ጆንያ በኢፖክሲ (ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ በሚደርቅ ሬዚን) ደራርቤ የጫንኩት አራተኛው ሉህ ሦስት ቀን ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ደርቆ፣ በሞርሳ ተይዞ በመዶሻ ሲመታ አልተላላጠም። ከእሱ በፊት የነበሩት ሦስቱ እንደ ሽንኩርት ነው ልጥ ልጥ ያሉት። የሬዚኑ ቆርቆሮ ያው አንድ ነው፣ ሉሁን የሚጫነው ማጥበቂያም ያው ነው። የተለወጠው የጆንያው አያያዝ ብቻ ነው፤ ይህ ጽሑፍም ግማሹ ስለዚያ ይሆናል። ሌሎቹን አማራጮች ግን ዘለን አናልፋቸውም፣ ጆንያ ላይ የተደረሰው እነሱን አልፎ ነውና።

እዚህ የሚወራው ከባድ ሥራ ስለሚችል ታጣፊ ቢላዋ ነው። የስለቱ ጀርባ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በሁለቱም ጎን 1.5 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ላሜራ ያለው፣ ሲባጎ የሚበጥስ፣ የጆንያ አፍ የሚከፍት፣ ከቡናው ግንድ ሥር የሚወጣውን ቡቃያ የሚቆርጥ። ብርቱካን መላጫ ሰንጢ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ያገኛችሁት እንጨት ሁሉ ይሆናችኋል።

እጀታን የሚገድለው ምት ይመስላል፤ አይደለም። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ እርጥብ ወራቱም ረጅም ናቸው። ቢላዋው ከእርጥብ ኪስ ወጥቶ የቡና ፍሬ ጭማቂና ላብ ጠጥቶ ተመልሶ እርጥብ ኪስ ይገባል። እጀታውን የሚጨርሱት ውኃና የቪቴ (እጀታውን ከላሜራው ጋር የሚያስረው ጥርስ ያለው ሚስማር) ቀዳዳ ናቸው።

በበርጩማ አገር ተቀምጦ «እንጨት ይቅርብን» ማለት ድፍረት ይጠይቃል። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስንት ዓመት ይኖራል፤ ዋንዛም ለዚህ ሥራ አቻ የለውም፣ ቀላል ነው፣ ለመፈልፈል ይመቻል፣ ቶሎ አይሰነጠቅም። ነገር ግን የበርጩማ እግር ወፍራም ነው። ዋንዛን 4 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ ሦስት ቀዳዳ ስትበሱበት የቪቴው ጭንቅላት በራሱ ጉልበት ይሰምጥበታል። ወይራ ይሻላል፣ ጠንካራና ከባድ ነው፤ ግን በፀሐይ አስቸኩለው ካደረቁት ከጫፉ ይሰነጠቃል። ጫፎቹን በሰም ደፍኖ በጥላ ማድረቅ ነው፣ በውፍረት ለየ25 ሚሊ ሜትሩ አንድ ዓመት ገደማ። ያም ሆኖ የደረቀ ወይራ በክረምት ያብጣል፤ 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ 1 ከመቶ ቢያብጥ ጠርዙ ከላሜራው ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር ይወጣል፣ በአውራ ጣት ይታወቃል። ላሜራ የሌለው ቢላዋ ደግሞ የባሰ ነው። ከፈረንጆቹ 1890 ጀምሮ የሚሠራው የፈረንሳዩ ኦፒኔል እንኳ እጀታው ውኃ ሲጠጣ ስለቱን ጨምድዶ ይዞ አልከፈት ይላል።

ቀንድ ያምራል፤ ስለ ውበቱ ክርክር የለኝም። ቀንድና ጥፍር ግን የአንድ ነገር ልጆች ናቸው። ልብስ ሲያጥብ የዋለ ሰው ጥፍሩ እንደሚለሰልስ ቀንድም እንደዚያው ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ ደግሞ ወደ ቀድሞ ጉብጠቱ ይመለሳል። በሙቀት የተቃና የቀንድ ቁራጭ ቪቴውን እየጎተተ ይነሳል። ብልም ይበላዋል።

ብረታ ብረቱን በክብደት እንመዝነው። 115 በ28 በ4 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ጎን ከማይዝግ ብረት ቢሠራ ወደ 100 ግራም፣ ከታይታኒየም 57፣ ከአሉሚኒየም 35፣ ጂ-10 ከሚባለው የመስታወት ጭረትና ኢፖክሲ ሉህ 24፣ ጨርቅና ሬዚን ተደራርቦ ከሚሠራው ሚካርታ 18፣ ከወይራ ደግሞ 12 ግራም ይሆናል። ይህን በሁለት አባዙት። አሉሚኒየም ከማይዝግ ቪቴ ጋር ላብ ሲነካው ቀዳዳው ዙሪያ ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ቪቴውም አልፈታ ይላል። ታይታኒየም ጥሩ ነው፣ ለሚያገኘው።

ስለዚህ ሜዳው የድርብርብ ሉህ ነው። ጂ-10 የምታገኙ ከሆነ ውሰዱና ይህን ጽሑፍ እዚሁ አቁሙት፤ ውኃ የማይጠጣ፣ የማያብጥ፣ ጠንካራ ነገር ነው። ከድሮ የኤሌክትሪክ ሳጥን የሚወጡ የመከለያ ሰሌዳዎች ብዙ ጊዜ ጂ-10 ወይም የባኬላይት ጨርቅ ናቸው። ለመለየት ጠርዙን በሞረድ ፋቁት። እጅ የሚያሳክክና ብልጭ የሚል ጭረት ካለው መስታወት ነው። እንደ ሆስፒታል መድኃኒት የሚሸት ቡናማ ዱቄት ከሆነ በፌኖል ሬዚን የተጋገረ ጨርቅ ነው፣ የሚካርታ ዘመድ፤ እሱም ይሆናል። ሲፋቅ የሚወጣው አቧራ ሳንባ ውስጥ ይቀራል፤ በደረቁ አይሞረድም። በውኃ እያረጠቡ፣ አፍንጫ ሸፍኖ፣ ከቤት ውጭ። ነጠላ መጠምጠም መከላከያ አይደለም።

አሁን ወደ ጆንያው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ጨርቅ በኢፖክሲ ደራርቦ መጫን። አስቸጋሪው የጁት ጆንያ ጨርቅ ሆኖ ሳለ እንደ ጨርቅ አለመሆኑ ነው። ጁት ፋብሪካ ውስጥ እንዲፈተል ዘይት ይረጭበታል። ለቡና የሚሆነው ጆንያ የአትክልት ዘይት ነው የሚደረግለት፣ የማዕድን ዘይት ቡናውን ስለሚያሸተው፤ ለሬዚን ግን ሁለቱም ያው ዘይት ናቸው። ሬዚኑ ጭረቱን ሳይዝ ዙሪያውን ይደርቃል። ሉሁ ከማጥበቂያው ሲወጣ ድንጋይ ይመስላል፣ በሞረድም ይሠራል፣ አንድ ክረምት ሲገባበት ግን ጭረቱ ውኃ እየሳበ ሉሁን ከውስጥ ይገነጥለዋል። በእጅ ታጥቦ የደረቀ ጆንያ ንጹሕ ይመስላል፤ ሦስቱ ሉሆች የተበላሹት እዚያ ላይ ነው።

የሠራው አያያዝ ይህ ነው። ጆንያውን መጀመሪያ 160 በ100 ሚሊ ሜትር ቆራርጣችሁ በዱቄት ሳሙና 30 ደቂቃ ቀቅሉት። ውኃውን ድፉና በአዲስ ውኃ ድገሙ። አረፋ እስኪጠፋ ድረስ ለቅልቁት። ሲደርቅ አንድ ጠብታ ውኃ ጣሉበት፤ እንደ ዶቃ ከተቀመጠ ዘይቱ አለ፣ ወዲያው ከሰመጠ ሄዷል። ይህ የጠብታ ፈተና ከማንኛውም ውድ ሬዚን ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም።

ቀጥሎ ውኃው። በተለመደ አየር ጥጥ ከክብደቱ 8 ከመቶ ገደማ፣ ጁት 13 ከመቶ ገደማ ውኃ ይይዛል፤ በሐምሌ ደግሞ ከዚህ በላይ። በእጅ ሲነካ ደረቅ ነው፣ ለኢፖክሲ ግን እርጥብ ነው። ጨርቁን ተኩሱት፣ ከዚያ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አድርጋችሁ ከጠፋ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ አስቀምጡ፤ ምጣዱ ጠብታ ውኃ ሲነካው መንጫጫቱን ካቆመ በኋላ። በየ30 ደቂቃው በትንሽ የወርቅ ሚዛን መዝኑ። ክብደቱ ሁለት ጊዜ ያው ከሆነ ደርቋል። ወዲያው ወደ ሬዚን ይግባ፣ «ቡና ጠጥቼ ልመለስ» ያለ ሰው እርጥብ ጨርቅ ይጠብቀዋል።

ሌላው ችግር ሽመናው ነው። የጆንያ ዓይኑ ሰፊ ስለሆነ በጭረቶቹ መካከል ሬዚን ብቻውን ይቀመጣል፤ ያ ቦታ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። የቪቴ ቀዳዳ በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ ከዋለ ከቀዳዳው ጀምሮ ይሰነጠቃል። መፍትሔው አቡጀዲ ነው። ለ5 ሚሊ ሜትር ሉህ በሚታየው ጎን 3 የጆንያ ድርብ፣ ከላሜራው በኩል 10 የአቡጀዲ ድርብ። ጆንያው ሲጨመቅ በድርብ 0.7፣ አቡጀዲው 0.28 ሚሊ ሜትር ገደማ ይይዛል። ሲሞረድ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፣ የቪቴው ጭንቅላት ጉድጓድም አቡጀዲው ላይ ያርፋል። ሁለቱ ጎኖች ስለማይመጣጠኑ ሉሁ ጥቂት ሊጎብጥ ይችላል። ማጥበቂያው ውስጥ 48 ሰዓት ማቆየትና የውስጡን ገጽ መስታወት ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል ይበቃል።

አቡጀዲውም አዲስ ከሆነ ስታርች አለበት፤ እሱም ይቀቀላል።

140 በ80 ሚሊ ሜትር ሆኖ ለሚቀር ሉህ ጨርቁ ከ35 ግራም ብዙም አይርቅም፣ ጠርዙ ሳይቆጠር። 60 ግራም ሬዚን ቀላቅሉ፣ ትርፉ ይፈስሳል። መጠኑን ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ተከተሉ፣ ግን ልብ በሉ፦ በክብደት የተጻፈ መጠን በማንኪያ አይሰፈርም። ሃርድነር (ማጠንከሪያውን) ከልኩ በላይ መጨመር ቶሎ አያደርቅም፣ ለስላሳ ሆኖ እንዲቀር ነው የሚያደርገው። ከተቀላቀለ በኋላ ሰፊ ሳህን ላይ አፍስሱት፤ ጠባብ ኩባያ ውስጥ ከተተወ ራሱን አሙቆ ያጨሳል። እያንዳንዱን ድርብ ለብቻው አርሱት፣ የደረቀ ነጭ ነጥብ እንዳይቀር።

ማጥበቂያው በላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ወፍራም ላሜራዎችና አራት ብሎኖች ናቸው፣ በመካከላቸው 5 ሚሊ ሜትር የብረት ቁራጮች። ቁራጮቹ ከሌሉ ሰው ሁሉ ከልክ በላይ ያጠብቃል፣ ሬዚኑ ሁሉ ወጥቶ ደረቅ ጨርቅ ይቀራል። መጀመሪያ ለስለስ አድርጋችሁ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሬዚን ከአራቱም ጎን እስኪወጣ አጥብቁ። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ መድረቁ ይዘገያል፤ በማግሥቱ ጥፍር የሚያስገባ ከሆነ አትፍቱት። ክፍት የቀረ ገጽ በእርጥብ አየር ሰም የመሰለ ቅባት ያወጣል። ሌላ ነገር ከማጣበቃችሁ በፊት በውኃና ሳሙና እጠቡት፣ ብርጭቆ ወረቀት ብቻውን ቅባቱን ያሰራጨዋል እንጂ አያነሳውም። በመጨረሻ ሉሁን ማጥበቂያው ውስጥ እንዳለ 60 ዲግሪ ሙቀት ላይ ከ3 እስከ 4 ሰዓት አቆዩት። በቤት ሙቀት ብቻ የደረቀ ኢፖክሲ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ከዚያ በላይ ይሞቃል።

የመኪና አካል ጥገና ቤት ያለውን የፖሊስተር ሬዚን ብንጠቀምስ የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። አይሆንም። ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ብረት ላይ በደንብ አይጣበቅም፣ ይሰበራል። በርካሽነቱ የሚከራከር ሰው የአንድ ክረምት ዋጋ አልጨመረም። የአምስት ደቂቃውም ኢፖክሲ ከዚህ ብዙ አይሻልም፣ ውኃ ያሸንፈዋል።

ቪቴው ላይ ደግሞ አጭር ነገር። በሉሁ ላይ ጥርስ አይወጣም፣ በምንም ዓይነት ሉህ። ለኤም-3 (3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ቪቴ) ጥርስ ቀዳዳው በ2.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይበሳል፤ ነገር ግን 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ የሚያዘው ሦስት ጥርስ ብቻ ነው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲፈታ ይበላል። ሁለቱን ላሜራዎች የሚያገናኝ ጥርስ ያለው የነሐስ ምሰሶ በቶርኖ አሠርታችሁ ቪቴው እሱ ውስጥ ይግባ። ሉሁ ላይ ያለው ቀዳዳ 3.2 ይሁን፣ ሉሁ ትንሽ እንዲንቀሳቀስ። መፈታቱን ለመከላከል የጥፍር ቀለም ጠብታ ይበቃል። ፑንታው ሲወጣ የሉሁን ጀርባ እንዳይገነጥል ከሥር የማይፈለግ እንጨት አጥብቆ መብሳት ነው።

ማለስለሱን ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 220 ላይ አቁሙት። ቫርኒሽ የተቀባ ሉህ በላብ ይሟልጫል፣ ያልተቀባው ደግሞ እርጥብ እጅ ላይ ይይዛል። አንድ እውነት ግን አልደብቅም፦ ከጥንካሬ አንፃር ሃያ ድርብ አቡጀዲ ብቻውን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፣ ሥራውም ግማሽ ነው። ጆንያው እዚያ ያለው ሲሞረድ የሚያወጣው ወርቃማ መስመር ስለሚያምር ብቻ ነው።