ስልኬ «79.3» አለኝ፣ እኔም አመንኩት

ሴፍቲ ሆኜ የተቀጠርኩት የቤት ዕቃ የሚያመርት እንጨት ቤት ነው። በሦስተኛው ሳምንቴ አለቃዬ «መላጊያ ማሽኑ ጋ ያሉት ሰዎች ጫጫታው በዛብን እያሉ ነው፣ እስቲ እየው» አለኝ። የድምፅ መለኪያ የለንም። ስልክ ግን አለኝ! ነፃ አፕ አወረድኩና ማሽኑ አጠገብ ያዝኩት፦ 79.3 ዴሲቤል።

ጉድ የሠራችኝ ያቺ ነጥብ ናት። ሰማንያ ገደማ ቢለኝ እጠራጠር ነበር፣ 79.3 ሲል ግን ማን ይጠራጠራል? ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ለ8 ሰዓት ሥራ የሚመክረው ጣሪያ 85 ነው፣ ስለዚህ «ችግር የለም» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ማሽኑ ላይ የሚሠሩት ጋሼ «ስልኩ ምን አለ?» ብለው ጮኹብኝ። 79 አልኳቸው። ሳቁ።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ባለሙያ የራሱን መለኪያ ይዞ መጣ። መጀመሪያ ማይኩ ላይ ካሊብሬተር ሰካበት፤ ልክ 94 ዴሲቤል የምታወጣ ትንሽ ዕቃ ናት፣ መለኪያው 94 እስኪል ያስተካክለዋል። ከዚያ እኔ የቆምኩበት ቦታ ቆሞ ለካ። 91!

«ልዩነቱ 12 ብቻ ነው» አልኩ፣ ለመዳን። ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይደመርም አለኝ። በየ3 ዴሲቤሉ የድምፁ ኃይል እጥፍ ይሆናል፣ 12 ማለት 16 እጥፍ ነው። በናዮሽ ስሌት ደግሞ በ88 መቆየት የሚቻለው 4 ሰዓት፣ በ91 ግን 2 ሰዓት ነው። ጋሼ ቀኑን ሙሉ እዚያው ናቸው።

ስልኬን ተቀብሎ ገልብጦ አየው። ከቨሩ የማይኩን ቀዳዳ ግማሹን ሸፍኖታል፣ የቀረውን ሰጋቱራ ጠቅጥቆታል። ከቨሩን አውልቆ፣ ቀዳዳውን በብሩሽ ጠርጎ ሲለካበት 84 አለ። አሁንም 7 ይጎድላል። «ስልክ የተሠራው ለወሬ ነው» አለኝ፤ ብዙ ስልክ የማሽን ጩኸት ሲሰማ ንግግሩን እንዳይረብሽ ራሱ ይቀንሰዋል። ናዮሽ ራሱ የሠራው አፕ እንኳ ለአይፎን ብቻ ነው፣ የአንድሮይድ ስልክ ዓይነቱ በዝቶ ማይኩም የየራሱ ስለሆነ።

ሪፖርቱን ቀደድኩት፣ አለቃዬንም ለምኜ የጆሮ መሸፈኛ አስገዛሁ። ለጋሼ ይዤላቸው ስሄድ ማሽኑ እየሠራ ነበር። አጠገባቸው ቆሜ፣ እጄን ብዘረጋ ትከሻቸውን እነካለሁ፣ የሚሉትን ግን አልሰማሁም። ሁለት ጊዜ አስደገምኳቸው።

«ዛሬስ ስልኩ ምን አለ?» ነበር ያሉት።