ሽለላ በሳክስፎን

ዛሬ ከሥራ ስወጣ የታክሲው ሰልፍ ጥምጥም ብሎ ጠበቀኝ። ኢርፎኔን ሰክቼ የጋሽ ጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ከፈትኩ። ወገን፣ እኚህ ሰው እኮ በአፍ የሚወጣውን ሽለላና ፉከራ እንዳለ ወስደው፣ ማንቋረሩንም፣ ትንፋሽ መቁረጡንም፣ በሳክስፎን ያጓሩት ናቸው! ከአሜሪካ ፍሪ ጃዝ፣ ማለትም ከተለመደው የጃዝ ሕግ ካፈነገጠው አጨዋወት ጋር የሚያመሳስሏቸው አሉ፤ ለኔ ግን ጆሮዬ ላይ አንድ አርበኛ ቆሞ ሲፎክር ነው የሚሰማኝ። መድረክ ላይም የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ይወጡ ነበር። ደግሞ የሚገርመኝ፣ ሰባ ዓመት አልፏቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ዘ ኤክስ ከሚባል የሆላንድ ፓንክ (ፈጣንና ጯሂ የሮክ ስልት) ባንድ ጋር "ሞዓ አንበሳ" የተባለውን አልበም አወጡ። በዚያ ዕድሜ ከፓንክ ጋር! እ.ኤ.አ. 2016 ላይ አረፉ።

ብቻ ረዳቱ "ሂሳብ" እያለ ትከሻዬን ሲነካኝ ነው የባነንኩት።