ደሴ ላይ የታፔላ ሠዓሊ፣ ማሲንቆ ተጫዋችና መሶብ ሰፊ አንድ ግቢ ስናገናኝ

ሙያዬ ህትመት ነው። ደሴ ውስጥ ባነርና ስቲከር አትማለሁ። እንደኔ ያለው ማሽን ከገባ ወዲህ በብሩሽ ታፔላ የሚጽፉት ሰዎች ሥራቸው ቀዝቅዟል። አንድ ጸጉር አስተካካይ የቆርቆሮ ታፔላውን በባነር ሊቀይር ይዞልኝ መጣ። ጥላ የተሠራለት ፊደል፣ መቀስና ማበጠሪያ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ጎፈሩ የተበጠረ አንበሳ። የሠዓሊው ስም ግን የለም። እነዚህን ሰብስበን ለምን አናሳይም አልኩ። ለጓደኞቼ ሳወራቸው ነገሩ ሰፋ። ማሲንቆው፣ መንዙማውና ስፌቱ ተጨመሩበት።

ወሎ በጥበብ አይታማም። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል የዚሁ አገር ቦታ ስም ናቸው። የወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድን በደርግ ዘመን ስሙ ገንኖ ነበር። ማሪቱ ለገሰንማ ማን ይረሳል! ችግሩ ስለ ጥበብ ስናወራ ስለሄዱት ብቻ ማውራታችን ነው። አዲስ አበባ ስለገቡት፣ ባህር ስለተሻገሩት። እዚሁ የቀረው «እሱማ የሰርግ ዘፋኝ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

አዳራሽ መፈለግ ጀምረን ተውነው። ኪራዩም ደብዳቤውም ብዙ ነው። የአንድ ቡና ቤት ግቢ በቂ ሆነ። ቀኑን መምረጥ ነው ያደከመን። ደሴ ላይ ረመዳንም ሁዳዴም የሁሉም ሰው ጉዳይ ነው። አርብ የጁምዓ ቀን ነው፣ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አለ። ቅዳሜ ከሰዓት 8 ሰዓት ጀምረን ሳይመሽ ለመጨረስ ወሰንን። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድና ጉም ከመሸ በኋላ ግቢ ውስጥ አያስቀምጥም። ለምግብም ሥጋ የሚባል አልነካንም። የክርስቲያን ሥጋ፣ የሙስሊም ሥጋ እያሉ ሁለት ቦታ ከማሰናዳት ቆሎ፣ ዳቦና ቡና ይሻላል። ሁሉም ከአንድ ሰፌድ በላ።

ታፔላ ማሰባሰቡ አስቂኝ ነበር። ለአሥር ዓመት ቀና ብሎ ያላየውን ታፔላ ስንጠይቀው «በስንት ትገዙታላችሁ?» ያለን ባለሱቅ አለ። ሠዓሊውን ራሱን ፈልገን አገኘነው። «እኔ እኮ ሥራ ነው የሠራሁት፣ ሥዕል መቼ ሆነና!» አለኝ። «ጋሼ፣ ይሄ አንበሳ ታዲያ ምንድን ነው?» ስለው ሳቀ። ስሙን በትልቁ አትሜ ከሥራዎቹ ሥር ለጠፍኩ። ከሁሉም በላይ ልጆቹን ያስደሰታቸው የአባታቸው ስም ነው።

ሰፊዋን ለማምጣት ሰኞ ገበያ ሄድኩ። መሶቦቿን እንደምናሳይላት ስነግራት «ለማየት ብቻ ከሆነ ምን አደከመኝ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዋጋ ጻፍንበት። ሰው ዋጋ ሲያይ ቆም ብሎ ይጠይቃል። ስንት ወር እንደፈጀ፣ ቀለሙን በምን እንደነከረችው። ዋጋ የሌለውን ዕቃ ፎቶ አንስቶ ያልፋል።

በመንዙማው በኩል መጀመሪያ ሽማግሌዎችን አማከርን። መንዙማ ለእነሱ የመድረክ ማሟያ ሳይሆን ውዳሴና ዱዓ ነው። «አብሽር ልጄ፣ እንመጣለን፤ ግን መጠጥ ባለበት አይሆንም» አሉኝ። ስለዚህ መጠጥ ጨርሶ አልገባም። መንዙማው በድቤና በጭብጨባ መጀመሪያ ቀረበ፣ ረጅም ዕረፍት ተደረገ፣ ማሲንቆው ከዚያ በኋላ መጣ። ሁለቱን አጣብቆ ማቅረብ ሁለቱንም ማቃለል ይመስለኛል።

እንዲህ ያለ ዝግጅት ለሚያስብ ሰው አጥብቄ የምመክረው በድምፁ በኩል ነው። የሰርግ ሳውንድ ሲስተም አትከራዩ። ማሲንቆ አንድ ክር ነው፣ እሱም የፈረስ ጭራ። ትልቅ ስፒከር ውስጥ ሲገባ ይጮሃል እንጂ አያዜምም። በሙከራው ቀን ይህን ሰምተን ማይኩን ነቀልነው። ወንበሮቹን በክብ አስጠግተን ደረደርን። ተጫዋቹ የሰዎቹን ፊት እያየ ግጥም ይሰጣቸው ጀመር። ከኋላ ሆኖ ስልክ የሚያወራውንም አልማረውም።

«ለማስተዋወቅ ነውና በነፃ ይጫወቱልን» የሚባል ነገር አለ። ሰርግ ላይ አስተናጋጁ ይከፈለዋል፣ ካሜራማኑ ይከፈለዋል፣ ማሲንቆ ተጫዋቹ ግን ግንባሩ ላይ በሚለጠፍ ብር እንዲኖር ይጠበቃል። እኛ ከሱቆች ያዋጣነውን ገንዘብ ከዝግጅቱ በፊት ከፈልን። ሽልማቱም አልተከለከለም፤ የተሸለመው የራሱ ነው። ገንዘቡ ቀድሞ እጁ ሲገባ ሰው የሚጫወተው ዘና ብሎ ነው።

ወጣቶቹን ያመጣልን ቲክቶክ ነው። ቪዲዮ ከመለጠፋችን በፊት እያንዳንዱን አስፈቀድን። ስሙንና ከፈለገም ስልኩን ጻፍንለት። «የወሎ ባህል» ብሎ ብቻ መለጠፍ ያው ታፔላውን ያለ ስም እንደ መስቀል ነው።

ሁለተኛውን ዝግጅት ክረምቱ ሳይገባ ልናደርገው ነው፤ ሥጋጃውን፣ ሸክላውንም እንጨምራለን። የማሲንቆ ተጫዋቻችንን ቀን ለማስያዝ ደወልኩለት። ከቪዲዮው ወዲህ ሰርግ በዝቶበታል። ዋጋውም ጨምሯል። «ለእናንተ ትንሽ እቀንሳለሁ» ብሎኛል፤ ትንሽ ማለት ስንት እንደሆነ ገና እየተከራከርን ነው።