ጠበሉም ይቀጥል፣ መርፌውም አይቋረጥ

ወንድሜ ዊዝድሮው ሞልቶ ከካምፓስ ሲመለስ ሰፈሩ ምርመራውን ጨርሶ ነበር፤ ገሚሱ መተት አለ፣ ገሚሱ ዓይነ ጥላ። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ እንጦጦ ማርያም ጠበል ይዛው ወጣች። እኔ አማኑኤል ሆስፒታል ካልሄደ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ሐኪሞቹ ስኪዞፍሬኒያ ነው አሉን፤ የሌለ ድምፅ የሚያሰማ፣ ሰውን የሚያስጠረጥር የአእምሮ ሕመም።

ከበሽታው እኩል ያደከመን «ጠበል ወይስ መድኃኒት» የሚለው ጭቅጭቅ ነው። የገላገሉን የእማዬ የንስሐ አባት ናቸው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ገልጠው፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደሆነ አነበቡላትና «ልጅሽ ከጠበል መልስ ቁርሱን በልቶ ክኒኑን ይዋጥ» አሏት። የኔን ያን ሁሉ ክርክር ከምንም ያልቆጠረች ሴት ከዚያ ወዲህ የክኒን ሰዓት አስታዋሽ ሆና ቁጭ አለች!

ክኒኑን ምላሱ ሥር ደብቆ መትፋት ሲያበዛ ሐኪሙ በየወሩ ወደሚወጋ መርፌ ቀየረለት፤ ፍሉፈናዚን ይባላል። ተሻለው። ግን ሰውነቱ ተገተረ፣ እጁ ተንቀጠቀጠ። ብዙ ቤተሰብ መድኃኒት የሚያስቆመው እዚህ ላይ ነው። እኛ ሄደን ተናገርን፤ መጠኑ ተቀነሰለት፣ ለመንቀጥቀጡም ሌላ ክኒን ታዘዘለት።

«ሬዲዮው ስሜን እየጠራ ነው» ሲለኝ አልከራከረውም፤ አዎ ብዬም አልዋሸውም። «እኔ አልሰማሁም፤ አንተን ግን አስጨንቆሃል። እንዝጋውና ቡና እንጠጣ» እለዋለሁ። ሊያገረሽበት ሲል ቀድሞ የሚጠፋው እንቅልፉ ነው። ሌሊቱን መብራቱ ሳይጠፋ ካደረ፣ ወይም ያቀረብኩለትን ወጥ መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው ካለኝ፣ ቀጠሮ ሳልጠብቅ ይዤው እሄዳለሁ። ጫትም እንቅልፍ ይነሳዋልና ጓደኞቹን አብረውት እንዳይቅሙ ለምኛቸዋለሁ። እግዜር ይስጣቸው፣ ሰምተውኛል።

አሁን ጎረቤታችን ወፍጮ ቤት እህል ይመዝናል። ባለቤቲቱ መጀመሪያ ፈርታ ነበር፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ዱቄት ከመሙላት ሚዛን ላይ ይሻላል ብላ ራሷ መደበችው። አንዷ ደንበኛ «ይሄ እኮ እብዱ ነው» ብላ ስታንሾካሹክ «በሂሳብ ግን አያታልልሽም» ብላ ዝም አሰኘቻት።

ድምፁ ጨርሶ አልተወውም፤ ሲመጣበት ራሱ ይነግረኛል። ባለፈው ጤፍ ላስፈጭ ሄጄ «ዛሬ ጫጫታው በዛብኝ» አለኝ። ደንገጥ ብዬ «የወፍጮው ነው የጭንቅላትህ?» ስለው ሳቀ።

«የወፍጮው ነው ባክሽ፤ ብሩን ክፈይ» አለኝ።