የሳይረኑ ጠጋኝ፦ የአንድን ፊልም ዓለም በአጭር አኒሜሽን ማስፋት

ወዳጄ በሠራው ዲስቶፒያዊ (ጨቋኝ ዓለምን የሚያሳይ) የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ውስጥ በየምሽቱ ሳይረን ይጮኻል፤ በጎዳና ላይ ያለ ሰው ሁሉ ጩኸቱ እስኪያበቃ ድረስ ባለበት ደርቆ ይቆማል። ለምን እንደሚቆም ፊልሙ አይናገርም። ያንን ዓለም የሚያሰፋ የ8 ደቂቃ አኒሜሽን እንድሠራለት ሲጠይቀኝ፣ እርሱ ያሰበው ሰዎቹ እንዲቆሙ የሚያዝዘው ሕግ እንዴት እንደ ወጣ የሚተርክ መቅድም ነበር፤ እኔ ግን ሳይረኑን የሚጠግነውን ሰው መረጥሁ።

ከመምረጤ በፊት ሁለት ሥራዎችን ደጋግሜ ተመልክቻለሁ። «ዘ ማትሪክስ» የተባለውን ፊልም ዓለም በሚያሰፋው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የአጫጭር አኒሜሽኖች ስብስብ «ዘ አኒማትሪክስ» ውስጥ የሚገኘው ባለ ሁለት ክፍሉ «ዘ ሰከንድ ሬናይሳንስ» የሰዎችንና የማሽኖችን ጦርነት ከማኅደር እንደ ወጣ ሰነድ አድርጎ ይተርካል። ግሩም ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ ተመልካቹ በራሱ ግምት ይሞላው የነበረውን ክፍተት ስለሚደፍን፣ በእኔ አስተያየት የዋናውን ፊልም ምሥጢር በጥቂቱ ያሳሳዋል። ሺንኢቺሮ ዋታናቤ ያዘጋጀውና በ2017 የወጣው አጭር አኒሜሽን «ብሌድ ራነር ብላክ አውት 2022» ግን «ብሌድ ራነር 2049» በተባለው ፊልም ውስጥ በንግግር ብቻ የሚነሳውን ታላቅ ጨለማ፣ ማለትም የመብራት መጥፋት፣ ወስዶ፣ ጨለማውን ካመጡት ሬፕሊካንቶች (ሰው ሠራሽ ሰዎች) አጠገብ ይቆያል። እነርሱ የሚያጠፉት ለመታደናቸው ምክንያት የሆነውን የምዝገባ መረጃ ነው፤ ዓለሙ የሚገለጠውም በማብራሪያ ሳይሆን እነርሱ ሊያመልጡት በሚሹት ነገር ነው። የእኔም ጠጋኝ የሚያስጨንቀው ሕጉ ሳይሆን ያረጀው የሳይረኑ ሞተር እንዲሆን የወሰንሁት ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ከሥዕሉ ሥራ ሁሉ ያስቸገረኝ የሰዎቹ መቆም ነበር። በሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲታሰብ ስምንት ደቂቃ 11,520 ፍሬም ይሆናል፤ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ማቆየት የተለመደ ስለሆነ ቁጥሩ ወደ 5,760 ይወርዳል፤ ሰዎች የማይንቀሳቀሱበት ትዕይንት ደግሞ ይህንን የበለጠ የሚያቀልል ይመስላል። ነገር ግን በተዋናዮች በተሠራው ፊልም ውስጥ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይተነፍሳል፣ ዓይኑን ያርገበግባል፣ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራል፤ አንድ ሥዕል ብቻ ሲቆይ ግን ሕዝቡ የፈራ ሳይሆን ፊልሙ የተቋረጠ ይመስላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቋሚ ሰው በሦስት ተመሳሳይ ሥዕሎች ደግሜ ሣልሁትና አፈራረቅኋቸው፤ መስመሩ በጥቂቱ ሲንቀጠቀጥ ፍርሃቱ ከሥዕሉ ከራሱ መጣ። ቀሪውን የልብስ ጫፍና አቧራ ሞሉት።

ሳይረኑ ራሱ ሌላ ጥያቄ አስነሣ። በሞተር የሚሠራ ሳይረን የሚጮኸው ቀዳዳ ያለው ጎማ እየዞረ አየሩን ስለሚቆራርጠው ነው፤ ጎማው በፈጠነ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል። እኔ በመጀመሪያ ድምፁን በአኒማቲኩ (ትዕይንቶቹ በየጊዜያቸው በተደረደሩበት ረቂቅ ሥዕል) ላይ አስቀምጬ፣ የጎማውን ፍጥነት ከድምፁ መውጣትና መውረድ ጋር አስማማሁ። ይሁንና በሴኮንድ 24 ፍሬም የሚታይ ጎማ ፍጥነቱ ሲጨምር ወደ ኋላ የሚዞር መስሎ ሊታይ ስለሚችል፣ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ቀዳዳዎቹን ትቼ የተዘረጋ ጥላ ብቻ ሣልሁ። ቀለሙን ከዋናው ፊልም ፍሬሞች ስለወሰድሁት ብዙ አላደከመኝም።

ከወዳጄ ጋር የተከራከርነው በአንድ ነጥብ ላይ ነው። ጠጋኙ ሳይረኑ ሲጮኽ የሚንቀሳቀስ ብቸኛው ሰው ነው፤ ወዳጄ ይህ ፈቃድ ከማን እንደ ተሰጠው የሚገልጽ ጽሑፍ በመግቢያው እንዲገባ ፈለገ። እኔ ጽሑፉን ትቼ በጠጋኙ ክንድ ላይ የደበዘዘ ማኅተም ሣልሁ፤ ማን እንዳተመው ግን አይታይም። አጭሩ ፊልም ከዋናው በፊት ይታይ የሚለውንም አልተቀበልሁም፤ ሳይረኑን ከውስጥ ያየ ተመልካች በዋናው ፊልም ሕዝቡ በድንገት ሲቆም የሚሰማው ግራ መጋባት ይቀርበታል። ወዳጄም ተስማማ፤ አኒሜሽኑ ከዋናው ፊልም በኋላ ይታያል።