ሀጂ ያቺኑ መኪና መልሰው አመጡልኝ

መብራት ከጠፋ ሁለት ሰዓት ሆኖታል፣ ይሄን በስልኬ ነው የምጽፈው፣ እጄ አሁንም ይነዝረኛል ቀኑን ሙሉ የመኪና ፖሊሽ ማሽን ይዤ ስለዋልኩ። ከጦሳ ተራራ ወደ ደሴ የወረደው ጉም ግቢውን ሞልቶታል። የሀጂ ኮሮላ ሸራ ለብሳ መጠለያው ስር ቆማለች፣ አንዱ በሯ ግማሽ ላይ ቀርቶ።

ጠዋት በሩ ላይ ሳያቸው እውነት አልመሰለኝም ነበር፣ ምክንያቱም ከአራት ዓመት በፊት ይቺኑ መኪና ያበላሸኋት እኔ ነኝ።

ያኔ ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ የቀለም ቀቢ ረዳት ነበርኩ፣ በየቀኑ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት እየወረድኩ ማታ እየወጣሁ። ሀጂ መኪናዋን ያመጧት ለልጃቸው ሰርግ ነው፣ ጥር ላይ፣ ሙሽራዋን የምታመጣው እሷ ናት ብለው። አለቃዬ ምሳ ሊበላ ሲወጣ ኮፈኑን አንተ ጨርሰው አለኝ። የነበረን ማሽን ከባዱ ሮታሪ ነው፣ እንደ ግራይንደር አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሽከረከረው፣ ላዩ ላይ የሱፍ ፓድ የታሰረበት። እኔ ደግሞ የሰርግ መኪና ናት በደንብ ታብራ ብዬ ፍጥነቱን ጨመርኩ፣ ጫን ጫንም አደረግኩት። መሀል ሜዳው ላይ ምንም አልሆነም፣ እንዲያውም እያማረ ነበር። ጠርዙ ጋ ስደርስ መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚሸት አይነት፣ ማሽኑን አንስቼ ሳይ ጣቴን የምታህል መስመር፣ አረንጓዴው ቀለም የለም፣ ከስሩ ግራጫው ፕራይመር፣ ከቀለም በፊት የሚቀባው፣ ወጥቷል። ሦስት ሰከንድ አይሞላም።

አለቃዬ በቀለም ነካ ነካ አድርገን እንሸፍነዋለን አትንገራቸው አለ። ሀጂ ሲመጡ ግን ፊታቸውን እያየሁ አልቻልኩም፣ ነገርኳቸው። መስመሯን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉና «አብሽር ልጄ፣ ብረት ነው፣ ሰው አልሞተ» አሉኝ። ሂሳቡንም ሳያጎድሉ ከፍለው ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፣ ያን ቀን ማታ እህል አልበላሁም።

ከዛ በኋላ ነው ይሄ ነገር ምን እንደሆነ በደንብ ልወቅ ብዬ የተነሳሁት። ብዙ ሰው ፖሊሽ ማለት ቀለሙ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር መቀባት ይመስለዋል፣ እኔም ይመስለኝ ነበር። ፖሊሽ መቀነስ ነው። ጭረት ማለት ቦይ ነው፣ ማሽኑ ቦዩን አይሞላውም፣ ዙሪያውን እስከ ቦዩ ወለል ድረስ ዝቅ ያደርገዋል እንጂ። እና ዝቅ የሚደረገው ምን ያህል ነገር አለ? ከፋብሪካ የወጣ መኪና ከብረቱ በላይ ያለው ነገር ሁሉ፣ ፕራይመሩም ቀለሙም ከላይ የሚረጨው ቀለም የሌለው ክሊሩም ተደምሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ነው፣ ክሊሩ ለብቻው 40 ወይ 50 ቢሆን ነው። የራስ ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ነው። ከአንድ ፀጉር የሳሳች ነገር ናት እንግዲህ ቀለሙን ከፀሐይም ከዝናብም ይዛው ያለችው፣ አንዴ ከፋቅካት ደግሞ የሚመልሳት የለም፣ እንደገና መቀባት ካልሆነ በቀር። ጠርዝ ላይ ደግሞ ቀለም ሲረጭ ሳስቶ ነው የሚቀረው፣ ፓዱ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ክብደቱ ሁሉ በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ይወድቃል፣ ሙቀቱም እዛው ይጠራቀማል። የሀጂ ኮፈን የተቃጠለው ለዚህ ነው።

ሮታሪውን ግን ማንም እንዲሰድበው አልፈልግም። በብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 2000 የተፈገፈገ አዲስ ቀለም ላይ ጭረቱን እንደሱ ቶሎ የሚያነሳ የለም፣ እጁ የበሰለ ሰው ሲይዘው ደግሞ ማየት ራሱ ደስ ይላል። ችግሩ ይቅርታ አለማወቁ ነው። ባይቃጠል እንኳ ፀሐይ ላይ ስታወጣው ክብ ክብ ጥላ እየሰራ የሚከተልህ ነገር አለ፣ ጥቁር መኪና ላይ በጣም ያስጠላል፣ ጋራዥ ውስጥ አይታይህም፣ ባለቤቱ ፒያሳ አቁሞ ሻይ ሲጠጣ ነው የሚያየው።

ሁለተኛው ዓይነት ማሽን ዲኤ (ባለ ሁለት እንቅስቃሴ) የሚባለው ነው። ፓዱ በራሱ ይዞራል፣ እየዞረም ከመሀሉ ወጣ ገባ እያለ ይወዛወዛል፣ ስለዚህ አንድ ነጥብ ላይ ተቸክሎ አይፈጭም፣ ሙቀቱም ይበተናል። ሲጫኑት ደግሞ መዞሩን ያቆማል፣ ይሄ ለኔ ትልቁ ነገር ነው፣ ሰው ሲሳሳት ማሽኑ እምቢ ይላል። የመወዛወዙ ስፋት 8 ሚሊሜትር፣ 15፣ 21 እያለ ይለያያል። 21ዱ ኮፈን እና ጣሪያ ላይ ቶሎ ይጨርሳል፣ የኛ አገር ትናንሽ መኪኖች ግን እንደ ቪትዝ ያሉት ጎባጣ ቦታቸው ብዙ ነው፣ ፓዱ ጎበጥ ያለ ቦታ ላይ ሲሆን መሽከርከሩን ያቆምብሃል። 8ቱ ደግሞ እጅ ያደክማል ቀኑም አይበቃም። እኔ 15ቱን መረጥኩ። ጣሊያን ሰራሹን ሩፔስ ነበር ልቤ የፈለገው፣ አቅሜ አልቻለም፣ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ሶማሌ ተራ ዞሮ የቻይናውን ላከልኝ። ስልክ ላይ አስሬ ያስጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፣ ትርፍ መያዣ ሳህን እና ባለ 5 ኢንች ፓድ ይገኛል ወይ? ማሽን ገዝተህ ፓድ ካጣህ ምን ይሠራልሃል።

ዛሬ ሀጂ «ልጄ፣ ማሽን ገዝተሃል ሲሉ ሰምቼ መጣሁ» አሉኝ። «ሀጂ፣ ሌላ ሰው ጋ ቢወስዷት አይሻልም?» ስላቸው ምንም ሳይመልሱ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡት።

አጠብኳት፣ ሁለት ባልዲ አድርጌ፣ አንዱ ለሳሙናው አንዱ ስፖንጁን ለማለቅለቅ። ይሄን ላቫጆ ያሉ ልጆች ሁሉ ቢሰሙኝ እንዴት ደስ ባለኝ፣ መሬት የወደቀ ስፖንጅ አንስተው መኪናው ላይ ሲያሹት አሸዋውን ነው የሚያሹት፣ ያ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት የሚመጣው ከዛ ነው፣ አቧራ በደረቅ ጨርቅ ከመጥረግም ነው። ከዛ እጄን ፌስታል ውስጥ ከትቼ ቀለሙን ዳሰስኩት። በባዶ እጅ ለስላሳ የመሰለው በፌስታል ሲነካ ሻካራ ነው፣ የተጣበቀው ሁሉ ይታወቅሃል። በክሌይ፣ እንደ ጭቃ በሚለጠጥ ማጽጃ፣ ጠርጌ አነሳሁት። የቀለም ውፍረት መለኪያዬን ሳስጠጋ ጣሪያው 118 ማይክሮን፣ ቀኝ በሩ 109፣ የግራ የኋላ በር ግን 640 አለኝ። ስቱኮ (የተጎዳ ብረት መሙያ) ነው፣ አንድ ቀን ተመቶ ተሠርቷል ማለት ነው። ሀጂን ልጠይቃቸው አልኩና ተውኩት። የኮፈኑ ጠርዝ ጋ አላስጠጋሁም፣ እሱን በወረቀት ፕላስተር ሸፈንኩት፣ ሌሎቹን ጠርዞችም ሁሉ እንደዛው።

መጀመሪያ ክንድ በክንድ የሆነች ቦታ ብቻ መረጥኩ፣ በጣም ለስላሳውን ፓድ እና ቀላሉን ፖሊሽ ይዤ። የሽምብራ ፍሬ የሚያክል አራት ጠብታ፣ ማሽኑን ቀለሙ ላይ አስቀምጬ ከዛ ማብራት (በአየር ላይ ካበሩት ፖሊሹ ግድግዳ ላይ ነው የሚቀረው)፣ ቀስ ብሎ መሄድ፣ ገመዱን ትከሻ ላይ ማድረግ። ሳህኑ ላይ በማርከር አንድ መስመር አስምሬያለሁ፣ መስመሯ ስትዞር ካየኋት ፓዱ እየሠራ ነው፣ ከቆመች እጄ ከብዷል ማለት ነው። ኮምቦልቻ እያለሁ ፖሊሹ በሙቀቱ ቶሎ እየደረቀ ያስቸግረኝ ነበር፣ ደሴ ላይ ጠዋት ብረቱ ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ረጋ ብሎ ያሠራል። አምስት ጊዜ ተመላልሼ ጠረግኩት፣ የፖሊሹ ዘይት ጭረት ይደብቃልና አልኮል በውሃ አቅጥኜ ጠረግኩበት፣ የስልኬን መብራት በጎን አበራሁበት። ድሩ ጠፍቷል። ሁለት ጠለቅ ያሉ ጭረቶች ቀርተዋል። ጠንከር ያለውን ፓድ አድርጌ ላጠፋቸው እችል ነበር፣ አላደረግኩትም። ጥፍር የሚይዘውን ጭረት ማሳደድ ማለት ያቺን ከፀጉር የሳሳች ነገር በአንድ ቀን መጨረስ ነው፣ መኪናዋ ደግሞ ነገም ፀሐይ ላይ ትቆማለች፣ ከዓመት በኋላም የሚነካት ሰው ይኖራል፣ ለሱም መተው አለበት።

እንዲህ እያልኩ ክንድ በክንድ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ እናቴ ቡና አፍልታ ስትጠራኝ አቦሉ አልፎኝ ለቶናው ነው የደረስኩት። አስር ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻው በር፣ የሹፌሩ በር፣ ግማሹን እንደጨረስኩ መብራት ድርግም አለ።

ሀጂ ከዐስር ሶላት ሲመለሱ ጎራ አሉ። ይቅርታ ሀጂ፣ በሩ ለነገ አደረ አልኳቸው። በሩ ላይ ከላይ እስከ ታች ልክ እንደ ክር ቀጥ ያለ መለያ አለ፣ በአንዱ በኩል አመድ የለበሰ የመሰለ አረንጓዴ፣ በሌላው በኩል የግቢው ባህርዛፍ ቅጠል በቅጠል የሚታይበት። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት፣ ጥምጥማቸው ራሱ በአንዱ በኩል ታየ በሌላው ጠፋ። «ይሄ ሁሉ ድሮም እዚሁ ነበር?» አሉኝ። አዎ ሀጂ፣ እኔ ምንም አልጨመርኩም፣ ላዩን ትንሽ ነው ያነሳሁት አልኳቸው። ከዛ ወደ ኮፈኑ ሄዱ፣ የሸፈንኩትን ፕላስተር ራሳቸው ቀስ አድርገው ላጡት፣ የድሮዋን መስመር አዩዋት። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ነበር። «እቺን አልነካሃትም» አሉ። አልነካሁም አልኩ፣ እዛ ላይ ምንም የቀረ ነገር የለም። እራሳቸውን ነቀነቁና ፕላስተሩን መልሰው በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው ለጠፉት።

ፓዶቹን አጥቤ ሽቦው ላይ አስጥቻቸዋለሁ፣ በዚህ ጉም እስኪነጋ መድረቃቸውን እንጃ። መብራት ከመጣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እጀምራለሁ፣ ግማሽ በር ነው የቀረው፣ ሀጂ በጠዋት ሐይቅ ከተማ ለቅሶ መድረስ አለባቸው።