የአባቴን ዳማ ፈረስ በማር፣ በጨውና በእረፍት እንዴት አዳንነው

እንጅባራ አካባቢ ፈረስ የሌለው ቤት ይኖር ይሆናል፤ ስለ ፈረስ የማያወራ ሰው ግን ማግኘት ይከብዳል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ሲያከብር፣ ግላስ ለብሶ ጋማው ተበጥሮ ሜዳ የሚወጣውን ፈረስ አገር ያየዋል። እኔ የምጽፈው ግን ሜዳ መውጣት ቀርቶ ቆሞ ማደር ስለከበደው ፈረስ ነው።

የአባቴ ዳማ ለአንድ ዘመዳችን በውሰት ተሰጥቶ ክረምቱን እዚያው ከረመ። በመስከረም ሲመለስ የጎን አጥንቱ ይቆጠር ነበር። ዳሌው ሾሏል፣ ጠጉሩ ቆሟል፣ ጋማው የሚያልቅበት ጫንቃው ላይ መዳፍ የሚያህል ቁስል አለ። ገጥቧል። ጎረቤት ሁሉ ለእርዳታ መጣ። አንዱ ኮሶ እናጠጣው አለ፣ ሌላው ብረት አግለን እንተኩሰው፣ ሌላው ደግሞ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቁስሉ ላይ እናፍስስ። አባቴ ሁሉንም አመስግኖ ሸኘና ወደ እኔ ዞሮ፣ «እስኪ መጀመሪያ ሲበላ እንየው» አለኝ።

ለዳማ መዳን ምክንያት የሆነው ይህ ቃል ነው ብዬ አምናለሁ። ሳር አቀረብንለትና አጠገቡ ቁጭ አልን። በጉጉት ይጎርሳል፣ ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ያኝካል፣ ከዚያ ያኘከውን እርጥብ ሳር አድቦልቡሎ ከአፉ ይጥለዋል። ፋንድያውን በእንጨት ስበትነው ያልተፈጨ የገብስ ፍሬ እንዳለ ወጥቷል። ችግሩ ጥርሱ ነበር። የፈረስ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ከድድ እየወጣ ይሞረዳል፤ እኩል ካልተሞረደ የላይኛው በጉንጭ በኩል፣ የታችኛው በምላስ በኩል ይሾላል፤ ባኘከ ቁጥር ይወጋዋል። ይህን ቅጠል አያድነውም። የእንስሳት ሐኪም ጠርተን ሹሉን በሞረድ አስተካከለለት፣ ፋንድያውንም ወስዶ መረመረና የትል መድኃኒት ሰጠን። የመድኃኒቱ መጠን በክብደት ስለሆነ በሜትር ለካነው፦ የደረቱን ዙሪያ በሴንቲሜትር በራሱ ማባዛት፣ ውጤቱን ከትከሻው ጫፍ እስከ ቂጡ ጫፍ ባለው ርዝመት ማባዛት፣ ከዚያ ለ11,900 ማካፈል። የሚገኘው ግምታዊ ኪሎው ነው። ሚዛን በሌለበት አገር ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

የቀረው ሥራ የእኛ ነበር፤ ከሁሉም የሚያስቸግረው መኖው ነው። የከሳ ፈረስ ያየ ሰው አንጀቱ ይላወስና አንድ ቁና ገብስ ያቀርብለታል። ይህ ፈረስን ይገድላል። ሰውነቱ በረሃብ የቆየ እንስሳ ድንገት ብዙ እህል ሲገባበት በደሙ ውስጥ ያለው ማዕድን ይዛባል፣ ልቡም ሊቆም ይችላል። ከዚህ ቢተርፍ እንኳ ቁርጠት ሊይዘው፣ ሰኮናው ውስጥ ያለው ሥጋ ሊቆጣና ሊያሽመደምደው ይችላል። ጨጓራው ለሰውነቱ ትንሽ ነው፣ ማስታወክም አይችልም፤ የገባው ሁሉ በታች መውጣት አለበት። ስለዚህ በመጀመሪያ እህል የሚባል አላቀመስነውም። በማጭድ የታጨደ ለስላሳ ሳር፣ ከጓሮ የተለቀመ የቀርቀሃ ቅጠል፣ አሳጥረን ቆርጠን በውኃ ያራስነው ድርቆሽ፤ በጥቂት በጥቂቱ፣ ከንጋት እስከ ማታ፣ እናቴ እንኳ ለመኝታ ከመግባቷ በፊት አንድ እቅፍ ትሰጠው ነበር። ፋንድያው መልክ ከያዘ በኋላ ነው አንድ እፍኝ ፍሩሽካ የጀመርነው፤ ቀስ እያልን የተቀቀለ ገብስና አፍልተን ያቀዘቀዝነው ተልባ ጨመርን። ተልባው ጠጉሩን አወዛው።

ውኃውንም ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። የእኛ አገር ጠዋት ብርድ ነው፤ ጥርሱ የታመመ ሽማግሌ ፈረስ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ይሸሻል፤ ሳይጠጣ ድርቆሽ ከበላ ደግሞ አንጀቱ ይደርቅና ይዘጋል። ለብ አድርገን እንሰጠው ነበር፤ አሞሌ ጨው ደግሞ እንዲልስ አጠገቡ አስረን ተውንለት።

ወደ ቁስሉ ልምጣ። አንድ ሊትር ውኃ አፍልቼ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው እጨምርና ለብ እስኪል እተወዋለሁ። እጄን በሳሙና ከታጠብኩ በኋላ ውኃውን በመርፌ አልባ ትልቅ ሲሪንጅ እየረጨሁ የሞተውን ቆዳና መግሉን አጥባለሁ። በጨርቅ አልፈትገውም፤ አዲስ የሚበቅለው ቀይ ሥጋ ስስ ነው፣ ይላጣል። ካደረቅሁት በኋላ ማር። ስኳር ያልገባበት ንጹሕ ማር መሆን አለበት። ማር እርጥበት ይስባል፣ ተህዋስያን በውስጡ መራባት አይችሉም፣ ቁስሉንም ከጨርቁ ጋር እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። በፈረሱ ገላ ሙቀት ስለሚቀልጥ ሻሹ ላይ ወፈር አድርጌ ቀብቼ እለጥፈዋለሁ፤ ዝንብ እንዳይገባ ከላይ የታጠበ ነጠላ ቁራጭ ደረቱን ዞሮ ይታሰራል። መጀመሪያ ላይ በየቀኑ እቀይር ነበር፤ መግሉ ሲቆም በየሁለት ቀኑ። መጥፎው ሽታ ቀድሞ ጠፋ፣ ቀጥሎ የቁስሉ ጠርዝ እንደ ጽጌረዳ ቅጠል ሮዝ ሆኖ ወደ መሃል መጠጋት ጀመረ።

ኮርቻውን ደግሞ ኮርቻ ለሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ወሰድኩት። «አያ፣ ኮርቻው ምን ሆኖ ነው?» ስላቸው እጃቸውን ከሥሩ አስገብተው፣ «ጫንቃውን እየነካው ነዋ! እዚህ ጋ ጣት አያስገባም» አሉኝ። ፈረሱ ሲከሳ ኮርቻው ወርዶ አጥንቱ ላይ ተቀምጧል። መደላድሉን በሁለት ወገን አወፈሩት፣ መሃሉን ባዶ ተዉት። ኮርቻው ካልተስተካከለ የአገር ማር ቢፈስበት ገጣባ አይድንም።

ኮሶውን ያልሰጠነው ንቀን አይደለም። ኮሶ ትል የሚጥል መድኃኒት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ መጠኑ ሲበዛ ግን ሰውን እንኳ ይጎዳል፣ ዓይን እስከማሳወር ይደርሳል፤ ለከሳ ፈረስ ስንት እንደሚበቃ ማን ይለካዋል? ከዚህ የባሰው መድኃኒት በአፍንጫ ማፍሰስ ነው። ፈሳሹ ወደ ሳንባ ይገባና ፈረሱ በሳንባ ምች ይሞታል። ይህን ስታዩ እባካችሁ አስቁሙ። የጋለ ብረትም ሆነ የሞተር ዘይት የሚጨምረው ስቃይ ነው።

ሐኪም ሳይዘገይ መጠራት ያለበት ጊዜም አለ። ፈረሱ እየተንከባለለ ሆዱን የሚያይ፣ ፋንድያ መጣል ያቆመ፣ ድዱ የጠቆረ ወይም የገረጣ ከሆነ፤ ትኩሳት ኖሮት ከዓይኑ በላይ ያለው ጉድጓድ ካበጠ ወይም ከአፍንጫው አረፋ ከወጣ በቤት የሚሠራ ነገር የለም። የመጨረሻዎቹ ምልክቶች በትንንሽ ነካሽ ነፍሳት የሚተላለፈው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ናቸው። ክትባቱ እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። ነፍሳቱ የሚበዙት ሲመሽና ሌሊት ስለሆነ ዳማን ፀሐይ ሳትጠልቅ ጋጣ እናስገባዋለን።

ጥር 23 ሲደርስ ዳማ ሥጋ ለብሶ ነበር፤ ጫንቃው ላይ ግን ጠጉር ገና አልሞላም። ሰው ሁሉ «ደርሷል፣ ጫኑት» ቢለንም አባቴ እምቢ አለ። በልጓሙ ስቦ ሜዳ ዳር ወሰደውና ዳማ ሌሎቹ ሲጋልቡ እያየ ሳሩን ሲግጥ ዋለ። ጀርባው ላይ ሰው የወጣው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ እሱም ቀላል የሆነው ታናሽ ወንድሜ፣ ለአጭር መንገድ። አሁን ጥርሱ በየስድስት ወሩ ይታያል፣ ኮርቻው በተጫነ ቁጥር ጣት ከሥሩ ይገባል፤ በውሰት ለመጠየቅ የሚመጣ ሰው ካለም አባቴ ቡና ያጠጣውና ፈረሱን አይሰጠውም።